ፓይ ቦርዳችሁ አልነሳ ካለ ሚሞሪ ካርዱን ከመቀየራችሁ በፊት ቀኑን እዩት

ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ጠዋት ስልኬ ጮኸ። አንድ ትምህርት ቤት ላይብረሪ ውስጥ ያቆምኩት ራስበሪ ፓይ (በአንድ ቦርድ ላይ ያለች ትንሽ ኮምፒውተር) አልነሳ ብሏል። ልጆቹ ያለ ኢንተርኔት ዊኪፔዲያ ምናምን የሚያዩበት ትንሽዬ ሰርቨር ነው፣ 1 ቴራ ሀርድ ዲስክ ተሰክቶበት ኪዊክስ በሚባል ፕሮግራም ነው የሚሰራው። የላይብረሪው ኃላፊ ጋሼ (ስማቸው ይቅር) "መብራት ሄዶ መጣ፣ ቀኑ ተበላሽቶ አየሁት፣ አንተ በጻፍክልኝ ወረቀት አስተካክዬ አጥፍቼ ባበራው ጊዜ በቃ እንዲህ ጥቁር ሆኖ ጽሑፍ ብቻ" አሉኝ። እኔም እንደ ሁላችንም "ሚሞሪ ካርዷ ተበልታለች" ብዬ ከፒያሳ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ባክአፕ የያዝኩትን ኢሜጅ (የሲስተሙን ሙሉ ቅጂ) አዲስ ካርድ ላይ ጽፌ ሰካሁ፣ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፣ ሲነሳ ያው እዛው ቦታ ላይ ቆመ። ያኔ ነው ስክሪኑ ላይ ያለውን ያነበብኩት፣ መጀመሪያ ማንበብ እየነበረብኝ። ዲስኩ ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተበት ቀን "ወደፊት ነው" ይላል።

ወረቀቱን ሳየው ደግሞ ጥፋቱ የራሴ ነው። "ዓመት ዳሽ ወር ዳሽ ቀን፣ ከዛ ሰዓት" ብዬ ነው የጻፍኩት፣ በማን አቆጣጠር የሚል የለውም። ጋሼም ቀኑ ጥር 8 2018 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ስለነበረ 2018-05-08 03:00 ብለው ሞሉ። ጥር አምስተኛ ወር አይደል እንዴ፣ ልክ ናቸው። ማሽኑ ግን በፈረንጅ ሜይ 8 2018 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው ብሎ ተቀበለው። ትክክለኛው 2026-01-16 09:00 ነበር።

ስለዚህ ይሄን የምጽፈው ለናንተም ለኔም ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀድሜ ልበል፣ ትእዛዞቹን ሁሉ በኛ ፊደል እንደሚነበቡት ነው የምጽፋቸው፣ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ነው የምትጽፉት፣ ሊኑክስ የነካ ሰው ሲያነበው ይገባዋል።

ለምን ሰዓት ቡት (የማሽኑን መነሳት) ያስቀራል

ላፕቶፓችሁ ውስጥ ክብ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች፣ ማሽኑ ጠፍቶ እንኳን ሰዓቱን የምታስቆጥረው እሷ ናት። ራስበሪ ፓይ እስከ 4 ድረስ ባትሪዋም የለው ሰዓት ቆጣሪውም የለው። መብራት ሲሄድ ሰዓቱም አብሮ ይሄዳል። በ2023 የወጣው ፓይ 5 ቆጣሪው ቦርዱ ላይ አለው፣ ባትሪው ግን ለብቻ ተገዝቶ ነው የሚሰካው፣ ካልሰካችሁለት ከ4 አይሻልም። ኦሬንጅ ፓይ ምናምን ላይ ደግሞ ቺፑ ውስጥ ቆጣሪ እያለ ባትሪ የሌለው አለ፣ እሱ ሲነሳ 1970 ነው ሊላችሁ ይችላል፣ ሊኑክስ ሰከንድ መቁጠር የሚጀምረው ከዛ ዓመት መጀመሪያ ስለሆነ።

ታዲያ ያለ ቆጣሪ ሲነሳ ቀኑን ከየት ያመጣል? ይገምታል። ከመጥፋቱ በፊት ፋይል ላይ ያስቀመጠው ሰዓት ካለ ከዛ ይጀምራል፣ ከሌለ ሲስተምዲ (ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ራሱ ሶፍትዌሩ ከተሰራበት ቀን ወደኋላ አልሄድም ብሎ እዛ ላይ ይቆማል። ኢንተርኔት ሲያገኝ ከኤንቲፒ ሰርቨር (ትክክለኛ ሰዓት ከሚሰጥ ማሽን) ያስተካክላል። ኢንተርኔት ከሌለ ግን ሁለት ቀን መብራት ጠፍቶ ከነበረ ሁለት ቀን ወደኋላ ቀርቶ ይነሳል፣ እሱ ቀላሉ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ሌላው ሶፍትዌር ሰዓቱን ሲያምነው ነው። ዲስክ የሚፈትሸው ፕሮግራም "ይሄ ዲስክ ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተው ገና ባልመጣ ቀን ነው፣ አንድ ነገር ተበላሽቷል" ብሎ ያስቆማል። የዌብ ሰርተፍኬት "ገና ስራ አልጀመርኩም" ይላል። አፕት (ፕሮግራም የሚጭነው) ፓኬጅ ሊስቱን አልቀበልም ይላል። ማሽኑ ደህና ነው፣ ቀኑ ነው ያሳበደው።

ደረጃ 1፡ በእርግጥ ሰዓት ነው ወይ

ሁሉንም በሰዓት አታሳቡ። አረንጓዴዋ መብራት ጭራሽ ካልበራች ወይም አራቴ ብልጭ እያለች ካረፈች (መነሻ ፋይሉ አልተገኘም ማለት ነው) ወይም ሰባቴ ከሆነ (ከርነሉ፣ የሊኑክሱ እምብርት፣ አልተገኘም) ይሄ የካርድ ጉዳይ ነው፣ ከዚህ ጽሑፍ ውጡ። ስክሪኑ ጥግ ላይ የመብረቅ ምልክት ካያችሁ ደግሞ ቻርጀሩ ወይም ገመዱ ነው፣ ቮልቴጁ ከ4.63 በታች ሲወርድ ነው የሚመጣው፣ የስልክ ቻርጀር የምትጠቀሙ ሰዎች እናንተን ነው።

ሰዓት የሚሆነው ማሽኑ ጀምሮ ጽሑፍ ማውረድ ጀምሮ መሀል ላይ ሲቆም ነው። ስልካችሁን አውጡና ስክሪኑን ፎቶ አንሱት፣ ከዛ ተረጋግታችሁ እነዚህን ፈልጉ። "ሱፐርብሎክ ላስት ማውንት ታይም ኢዝ ኢን ዘ ፊውቸር" ካለ ያው የኔ ነው። "ሲስተም ታይም ቢፎር ቢልድ ታይም፣ አድቫንሲንግ ክሎክ" ካለ ሲስተምዲ ቀኑ እብደት መሆኑን አውቆ ራሱ ወደፊት ገፍቶታል ማለት ነው። "ታይም ጀምፕድ ባክዋርድስ፣ ሮቴቲንግ" ካለ ሰዓቱ መሀል ላይ ወደኋላ ዘሏል። "ዩ አር ኢን ኢመርጀንሲ ሞድ" ብሎ ከስሩ "ሩት አካውንት ኢዝ ሎክድ" ካለ ደግሞ ምንም ልታደርጉበት አትችሉም፣ ኪቦርዱን መደብደብ ትርፉ ድካም ነው፣ ወደ ደረጃ 2።

ማሽኑ ተነስቶ ግን ኢንተርኔት ነክ ነገር ሁሉ እምቢ ካለም ሰዓት ጠርጥሩ። አፕት አፕዴት ስትሉ "ሪሊዝ ፋይል ኢዝ ኖት ቫሊድ የት" ካለ መቶ በመቶ እሱ ነው፣ ስንት ሰዓት ወይ ስንት ቀን ወደኋላ እንደቀረ ራሱ ይነግራችኋል።

ሎግ ስታዩ ሰዓቱን አትመኑት፣ ትናንት የሆነው ከነገው በኋላ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ጆርናልሲቲኤል ዳሽ ቢ ካላችሁ በኋላ ዳሽ ኦ ብላችሁ ሾርት ዳሽ ሞኖቶኒክ ጨምሩበት፣ ያኔ ከበራበት ጀምሮ በስንተኛው ሰከንድ ምን እንደሆነ ነው የሚያሳያችሁ፣ ቀን የለ ዓመት የለ፣ ንጹህ ነው።

ደረጃ 2፡ ወደ ውስጥ መግባት

ካርዱን አውጡና ማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ሰኩት፣ ዊንዶውስም ይሆናል፣ ምክንያቱም ትንሿ የቡት ክፍል በፋት ፎርማት ስለሆነች ትነበባለች። ሌላኛውን ክፍል ዊንዶውስ "ፎርማት ላድርገው?" ብሎ ይጠይቃችኋል፣ እንዳትሞክሩት! ካንስል። አንድ ልጅ እዚህ ላይ እሺ ብሎ ያለቀሰ አውቃለሁ።

ኮማንድላይን ነጥብ ቲኤክስቲ የሚለውን ፋይል ክፈቱ። ሁሉም ነገር አንድ መስመር ላይ ነው ያለው፣ ኢንተር እንዳትመቱ፣ መስመሩ ከተቆረጠ ሌላ ችግር ነው የምትፈጥሩት። መጨረሻው ላይ ስፔስ አድርጋችሁ ኤፍኤስሲኬ ነጥብ ሞድ እኩል ስኪፕ ብላችሁ ጨምሩ። ይሄ ለዛሬ ብቻ ዲስክ ፍተሻውን ዝለለው ማለት ነው። ሴቭ፣ መልሳችሁ ሰክታችሁ አብሩ። ከተነሳ ነገሩ ተረጋገጠ፣ ዲስኩ አልተበላሸም፣ ፍተሻው ነው የከለከለው።

እዚሁ ፋይል ላይ ኤፍኤስሲኬ ነጥብ ሪፔር እኩል የስ የሚል ካለ አትንኩት፣ ጥሩ ነገር ነው፣ እንዲህ ያለውን ጥቃቅን ሳይጠይቅ ያስተካክላል። እኔ ድሮ "ቡት ያዘገያል" ብዬ ያጠፋሁት እሱን ነበር፣ ይኸው ቅጣቴን አገኘሁ።

ካልተነሳ ደግሞ በዛው መስመር መጨረሻ ላይ ኢኒት እኩል ስላሽ ቢን ስላሽ ባሽ ጨምሩ። ይሄ ፓስወርድም ሰርቪስም ምንም ሳይጠይቅ ባዶ ተርሚናል ላይ ያወርዳችኋል፣ ኪቦርድና ስክሪን ያስፈልጋል። እዛ ውስጥ ማውንት ዳሽ ኦ ሪማውንት ኮማ አርደብሊው ስላሽ ብላችሁ መጻፍ የሚቻል ታደርጉታላችሁ፣ ከዛ ኤፍኤስታብ (ዲስኮቹ የተዘረዘሩበት ፋይል፣ ኢቲሲ ውስጥ ነው) ውስጥ የውጭ ሀርድ ዲስኩ መስመር ፊት የሀሽ ምልክት አድርጋችሁ ለጊዜው ታሰናብቱታላችሁ። ስትጨርሱ ሲንክ ብላችሁ ነው የምታጠፉት። ከዛ የጨመራችሁትን ከኮማንድላይኑ ላይ ማውጣት አትርሱ፣ ማንም ሰው ያለ ፓስወርድ የሚገባበት ማሽን ሆኖ እንዳይቀር።

ደረጃ 3፡ ቀኑን መሙላት፣ እኛ ሀገር ሁሉም የሚሳሳትበት

ገብታችኋል አይደል፣ አሁን ታይምዴትሲቲኤል ብቻ ብላችሁ ኢንተር በሉ። ሎካል ታይም፣ ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት)፣ አርቲሲ (ባለ ባትሪው ቆጣሪ)፣ ታይም ዞን እያለ ይዘረዝራል። እዚህ ላይ ስልካችሁን አጠገቡ አድርጋችሁ ልዩነቱን ቁጠሩ፣ ምክንያቱም ልዩነቱ ራሱ በሽታውን ይነግራችኋል፣ እኔ እንደ ሀኪም ነው የማየው።

ልዩነቱ 6 ሰዓት ከሆነ ሰው ነው የሞላው፣ በኛ ሰዓት ነው የሞላው። ጠዋት 3 ሰዓት ለማሽኑ 09:00 ነው፣ ቀን 8 ሰዓት 14:00 ነው፣ ማታ 2 ሰዓት 20:00 ነው። ልዩነቱ 3 ሰዓት ከሆነ የዞን ጉዳይ ነው፣ እኛ ከዩቲሲ 3 ሰዓት እንቀድማለን፣ ክረምት በጋ አይቀያየርም። 9 ሰዓት ከሆነ ሁለቱም ተደርበው ሊሆን ይችላል። 7 ወይም 8 ዓመት ከሆነ ዘመን አቆጣጠሩ ነው፣ እና አብዛኛውን ጊዜ ወሩም ተዛብቷል፣ መስከረምን 1 ብሎ የሚሞላ ሰው ጃንዋሪ አድርጎታል። ጳጉሜን እንኳን ተዉት፣ 13 ብትሉት ማሽኑ ጭራሽ አይቀበልም፣ እሱ ቢያንስ ስህተቱን ወዲያው ይነግራችኋል። ፋሲል ግቢ ያሉ አስጎብኚዎቻችን ቀኑን ሙሉ 7 ሲደምሩ 8 ሲቀንሱ ነው የሚውሉት፣ ለነሱ ይሄ ምንም አይደለም፣ ለኛ ግን ስልኩን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይሮ ያንን መገልበጥ ይሻላል፣ በጭንቅላት አታስሉ።

መጀመሪያ ዞኑ። ራስበሪ ፓይ ኦኤስ ካልቀየራችሁት የለንደን ዞን ነው ይዞ የሚመጣው። ሱዶ ታይምዴትሲቲኤል ሴት ዳሽ ታይምዞን ብላችሁ አፍሪካ ስላሽ አዲስ አንደርስኮር አበባ በሉት። ዞን ሳታስተካክሉ "ሰዓቱ ወደኋላ ቀርቷል" ብላችሁ በእጅ 3 ሰዓት ከገፋችሁት ለዓይን ልክ ይመስላል፣ ውስጡ ያለው ዩቲሲ ግን 3 ሰዓት ወደፊት ሄዷል፣ ኢንተርኔት ያገኘ ቀን ወደኋላ ይዘላል፣ እንደገና ልትደውሉልኝ ነው።

ዞኑ ሲስተካከል ቀኑን። ሱዶ ታይምዴትሲቲኤል ሴት ዳሽ ታይም ብላችሁ በጥቅስ ውስጥ 2026-01-16 09:00:00 እንደዚህ ባለ ቅርጽ። "አውቶማቲክ ታይም ሲንክሮናይዜሽን ኢዝ ኢኔብልድ" ብሎ እምቢ ካለ መጀመሪያ ሴት ዳሽ ኤንቲፒ ፎልስ ብላችሁ አጥፉት፣ ሞልታችሁ ስትጨርሱ ትሩ ብላችሁ መልሱት። በባዶው ባሽ ውስጥ ከሆናችሁ ግን ታይምዴትሲቲኤል አይሰራም፣ ዴት ዳሽ ኤስ ብላችሁ ያንኑ ቀን ስጡት።

ኢንተርኔት ካለ ይሄን ሁሉ መልፋት የለም፣ ስልክ ላይ ሆትስፖት ከፍታችሁ አገናኙት፣ ደቂቃ አይፈጅም። ዋይፋይ ተገናኝቶ እምቢ ካለ ኔትወርኩ ላይ ዩዲፒ ፖርት 123 ተዘግቶ ይሆናል፣ ብዙ የቢሮ ኔትወርክ ይዘጋዋል። ያኔ ኤችቲፒዴት የሚባለውን ጫኑ፣ ከተራ ዌብሳይት ላይ ቀኑን ያነባል። በኤችቲቲፒኤስ እንዳታደርጉት ብቻ፣ ሰርተፍኬቱ በተበላሸው ሰዓት ምክንያት እምቢ ሊል ይችላል፣ ዶሮና እንቁላል ነው።

ደረጃ 4፡ ዲስኩን ማስታረቅ

ቀኑ ሳይስተካከል ዲስክ አትፈትሹ፣ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። መጀመሪያ ማየት ከፈለጋችሁ ሱዶ ደምፕኢቱኤፍኤስ ዳሽ ኤች ብላችሁ የዲስኩን ስም ስጡት፣ ላስት ማውንት ታይምና ላስት ራይት ታይም የሚሉትን ሁለት መስመር እዩ። እኔ ያኔ ሳየው የጥር ቀን ነበር፣ ትክክለኛው። አዲሱ ካርድ ላይ ያለው ሲስተም ግን ባክአፑ የተወሰደበት የአምናው ቀን ላይ ነው የነበረው፣ ለዚህ ነው ካርድ መቀየሬ ምንም ያልፈየደው። ዲስኩ ዘንድሮ፣ ካርዱ አምና።

ቀኑ ልክ ከሆነ በኋላ ዲስኩን አንማውንት አድርጉና (ከሲስተሙ አላቁትና) ሱዶ ኢቱኤፍኤስሲኬ ዳሽ ኤፍ በሉት። ስለ ሰዓት ብቻ ከጠየቃችሁ ዋይ ማለት ምንም አይጎዳም። ሌላ ብዙ ነገር መዘርዘር ከጀመረ ግን፣ ኢኖድ (የፋይሎቹ መዝገብ) ምናምን እያለ፣ ቁሙ፣ መብራቱ ሲቋረጥ የምር የተበላሸ ነገር አለ ማለት ነው፣ መጀመሪያ ፋይሉን ገልብጡ።

እዚህ ላይ የማወቅ ጉጉት ላለው፣ ፍተሻው እስከ 24 ሰዓት ያለውን ልዩነት "የሰዓት ስህተት ነው" ብሎ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ በኛ ሰዓት ሞልተው 6 ሰዓት የሳቱ ሰዎች ማሽናቸው ይነሳል፣ ምንም አልሆነም ብለው ያስባሉ። ዓመቱን በኛ የሞላ ነው የሚቀረው።

ለወደፊቱ ኤፍኤስታብ ውስጥ የውጭ ዲስኩ መስመር ላይ ኖፌይል የሚለውን ጨምሩ፣ ከአጠገቡ ኤክስ ዳሽ ሲስተምዲ ነጥብ ዲቫይስ ዳሽ ታይምአውት እኩል 10ኤስ። ይሄ ዲስኩ ቢያኮርፍ እንኳን ማሽኑ ያለሱ እንዲነሳ ነው፣ ቢያንስ በኤስኤስኤች (ከርቀት መግቢያው) ገብታችሁ ከቤት ሆናችሁ ታያላችሁ፣ ባጃጅ አትከፍሉም።

ሌላም አለ፣ ኢቲሲ ውስጥ ኢቱኤፍኤስሲኬ ነጥብ ኮንፍ የሚባል ፋይል ፈጥራችሁ ኦፕሽንስ በሚለው ስር ብሮክን አንደርስኮር ሲስተም አንደርስኮር ክሎክ እኩል 1 ማለት ትችላላችሁ፣ "የዚህን ማሽን ሰዓት በፍጹም አትመን" ማለት ነው። እኔ ብዙ አልወደውም፣ በሽታውን ትቶ ትኩሳቱን ማጥፋት ነው። ኢንተርኔትም ባትሪም ለማይኖረው ቦርድ ግን አድርጉት፣ ከዛ አፕዴት ዳሽ ኢኒትራምኤፍኤስ ዳሽ ዩ በሉ።

ደረጃ 5፡ የተቀመጠውን የውሸት ሰዓት ማጽዳት

ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። ሰዓቱ አንዴ በስህተት ወደፊት ሄዶ ከነበረ፣ ለምሳሌ አንድ ሰው 2036 ብሎ ሞልቶት፣ ማሽኑ ያንን ፋይል ላይ ያስቀምጠዋል። ከዛ እናንተ አስተካክላችሁ መብራት ድንገት ሄዶ ሲመጣ እንደገና 2036። ጋኔን ያለበት ነው የሚመስለው።

ሁለት ቦታ እዩ። አንዱ ኢቲሲ ውስጥ ፌክ ዳሽ ኤችደብሊውክሎክ ነጥብ ዳታ ነው፣ ካት ብላችሁ ስታነቡት ቀን ተጽፎበታል። ሁለተኛው ቫር ስላሽ ሊብ ስላሽ ሲስተምዲ ስላሽ ታይምሲንክ ስላሽ ክሎክ ነው፣ ይሄኛው ውስጡ ባዶ ነው፣ የሚቆጠረው የፋይሉ ቀን ነው፣ ኤልኤስ ዳሽ ኤል ስትሉ ይታያችኋል። ቀኑን ካስተካከላችሁ በኋላ የመጀመሪያውን ሱዶ ፌክ ዳሽ ኤችደብሊውክሎክ ሴቭ፣ ሁለተኛውን ሱዶ ተች በሉት፣ አለቀ። ሁለቱም ካልተገኙ ቨርዥናችሁ አይጠቀምባቸውም፣ እለፉት።

ደረጃ 6፡ ተነስቶ የሚጠብቅ ነገር

አንዳንዴ ስህተት ሳይኖር ቡቱ ዝም ብሎ ይቆማል። ሲስተምዲ ዳሽ ታይም ዳሽ ዌይት ዳሽ ሲንክ የሚባለው ሰርቪስ በርቶ ከሆነ ሰዓቱ ከኤንቲፒ እስኪስተካከል ይጠብቃል፣ እሱን የሚጠብቁትም አብረው ይጠብቃሉ፣ ኢንተርኔት በሌለበት እስከ ዳግም ምጽአት። ኢንተርኔት ለሌለው ቦርድ ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ዲሴብል ብላችሁ አጥፉት።

ዋየርጋርድ ቪፒኤን የምትጠቀሙ ደግሞ፣ ቦርዱ ሰዓቱ ወደኋላ ሲሄድበት ሰርቨሩ "ይሄ የድሮ መልእክት ድጋሚ የተላከ ነው" ብሎ ግንኙነቱን ዝም ብሎ ይጥለዋል፣ ምንም ኤረር የለ፣ ፒንግ የለ፣ ነገር የለ። እኔ አንድ ሙሉ ቀን ፋየርዎል ስነካካ ውያለሁ በዚህ። ሰዓቱ ሲስተካከል ራሱ ይመለሳል።

ደረጃ 7፡ ባትሪ ያለው ሰዓት መግጠም

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ማስታመም ነው፣ መድኃኒቱ ይሄ ነው። ዲኤስ3231 የምትባል ትንሽ ሞጁል ግዙ። ዲኤስ1307 የምትባልም አለች፣ ሱቅ ውስጥ "ያው ናቸው" ይሏችኋል፣ ያው አይደሉም፣ እሷ 5 ቮልት ነው የምትፈልገው፣ የፓይ ፒኖች ደግሞ ከ3.3 በላይ አይችሉም፣ ሰዓቷም በሙቀትና በብርድ ትዛባለች። 3231 ሙቀቱን እያየ ራሱን ስለሚያርም በዓመት አንድ ደቂቃ ገደማ ነው ቢበዛ የሚስተው።

ሞጁሏ ትልቋ ሰማያዊ ከሆነች አንድ ነገር ጠንቀቅ በሉ። ባትሪ ቻርጅ የሚያደርግ ሰርኪዩት አላት፣ እሱ የተሰራው ቻርጅ ለሚደረገው ኤልአይአር2032 ነው። እናንተ የምታገኙት ግን ተራው ሲአር2032 ነው፣ እሱ ቻርጅ አይደረግም፣ በ5 ቮልት ብታበሯት ባትሪው ሊያብጥ ሊያፈስ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፣ 3.3 ቮልት ላይ ስኳት፣ በዳዮዱ አልፎ የሚደርሰው ከባትሪው ስለሚያንስ ቻርጅ አያደርግም። ብየዳ የምትችሉ ከዳዮዱ አጠገብ ያለችውን ሬዚስተር አውጧት፣ እኔ ሁሌ አወጣታለሁ።

ቦርዱን አጥፍታችሁ ገመዱንም ነቅላችሁ አራት ጃምፐር ሽቦ ብቻ። ቪሲሲ ፒን 1፣ ኤስዲኤ ፒን 3፣ ኤስሲኤል ፒን 5፣ ግራውንድ ፒን 6። ፒን 1 የቱ እንደሆነ ከጠፋችሁ ቦርዱን ገልብጡት፣ ከስር ብየዳው አራት ማዕዘን የሆነው እሱ ነው፣ ሌሎቹ ክብ ናቸው። በችኮላ አንድ ፒን ስታችሁ 5 ቮልቱ ላይ እንዳትሰኩ፣ ፒን 1ና ፒን 2 ጎን ለጎን ናቸው።

አብሩና ራስፒ ዳሽ ኮንፊግ ውስጥ ኢንተርፌስ ኦፕሽንስ ገብታችሁ አይቱሲ (ቦርዱና ሞጁሏ የሚነጋገሩበትን መስመር) አብሩ። ከዛ ሱዶ አይቱሲዲቴክት ዳሽ ዋይ 1 ስትሉ ሰንጠረዥ ይመጣል፣ 68 የሚል ካያችሁ ሽቦው ልክ ነው። 57 የሚልም ብታዩ አትደንግጡ፣ ሞጁሏ ላይ ያለች ትንሽ ሚሞሪ ናት። ምንም ካልታየ አብዛኛውን ጊዜ 3ና 5 ተለዋውጠው ነው።

ቀጥሎ ኮንፊግ ነጥብ ቲኤክስቲ (አዲሱ ላይ ቡት ስላሽ ፈርምዌር ውስጥ፣ የድሮው ላይ ቡት ውስጥ) መጨረሻው ላይ ዲቲኦቨርሌይ እኩል አይቱሲ ዳሽ አርቲሲ ኮማ ዲኤስ3231 ብላችሁ ጨምሩና ሪስታርት። አሁን 68 የነበረው ቦታ ላይ ዩዩ ከታየ ከርነሉ ይዞታል። ሱዶ ኤችደብሊውክሎክ ዳሽ አር ስትሉ መጀመሪያ "ኢንቫሊድ አርጉመንት" ሊል ይችላል፣ ተሞልቶ ስለማያውቅ ነው። የማሽኑ ቀን ልክ መሆኑን አይታችሁ ሱዶ ኤችደብሊውክሎክ ዳሽ ደብሊው በሉ፣ ቀኑ ወደ ሞጁሏ ተጻፈ። ከዛ ፌክ ዳሽ ኤችደብሊውክሎክ የሚባለውን ካለ በአፕት ፐርጅ አውጡት፣ ሁለት ሰዓት ነጋሪ አንድ ቤት አይኖርም። ቆየት ያለ ኢሜጅ ከሆነ ዩዴቭ ውስጥ ኤችደብሊውክሎክ ዳሽ ሴት የሚል ስክሪፕት አለ፣ ሲስተምዲ ካለ ውጣ የሚሉት ሦስት መስመሮች ፊት ሀሽ አድርጉ፣ አለበለዚያ ሞጁሏን ሳያነብ ያልፋል።

ፓይ 5 ላይ ሽቦ የለም፣ ከፓወር መሰኪያው አጠገብ ጄ5 የምትል ሁለት ፒን ላይ ባትሪው ይሰካል። ቻርጅ የሚደረገውን ከገዛችሁ ኮንፊጉ ላይ ዲቲፓራም እኩል አርቲሲ አንደርስኮር ቢባት አንደርስኮር ቪሲኤችጂ እኩል 3000000 ጨምሩ፣ ተራ ባትሪ ከሆነ ይሄንን መስመር በፍጹም እንዳትጨምሩ።

ሞጁሏ ስላለች ኖፌይሉን እንዳታወጡት፣ ዲስክ ፍተሻው ሰዓቱ ከመነበቡ በፊት ሊጀምር ይችላል።

ብዙ ቦርድ ካላችሁ

ኢንተርኔት የሌለው ላብ ውስጥ አምስት ስድስት ቦርድ ካለ ለሁሉም ሞጁል መግዛት አያስፈልግም። ባትሪ ያላት አንዷ ላይ ክሮኒ (ለሌሎቹ ሰዓት የሚያድል ፕሮግራም) ጫኑ፣ ኮንፊጉ ላይ ሎካል ስትራተም 10 የሚልና አላው ብላችሁ የኔትወርካችሁን አድራሻ ስጡ፣ ለምሳሌ 192.168.1.0 ስላሽ 24። ሌሎቹ ላይ ታይምሲንክዲ ነጥብ ኮንፍ ውስጥ ኤንቲፒ እኩል የሷን አይፒ።

መፈተሽ

"ሰራ" ብላችሁ ወደ ቤት አትሂዱ። በሹትዳውን ዘግታችሁ ዋይፋዩንም የኔትወርክ ገመዱንም ነቅላችሁ ቻርጀሩን ከግድግዳው አውጡት። ቡና ጠጥታችሁ ተመለሱ፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ። አብሩና ታይምዴትሲቲኤል በሉ። 15 ደቂቃውን ቆጥሮ ካገኛችሁት ሰርቷል፣ ዘግታችሁት የሄዳችሁበት ደቂቃ ላይ ቆሞ ካገኛችሁት ሞጁሏን እያነበበ አይደለም፣ ኦቨርሌይ መስመሩን ፊደል በፊደል እዩት። አንዴ ደግሞ ሹትዳውን ሳትሉ ዝም ብላችሁ ንቀሉት፣ መብራት ሲሄድ አስፈቅዶ አይሄድም። ደረጃ 2 ላይ የጨመራችሁት ስኪፕ የሚለው ከኮማንድላይኑ ላይ መውጣቱን ከዚህ ፈተና በፊት አረጋግጡ፣ አለበለዚያ ምንም አልፈተሻችሁም።

ላይብረሪው ጋ ጋሼ የድሮውን ወረቀት አሁንም ይዘውታል፣ እኔ በቀይ እስኪርቢቶ "በፈረንጅ፣ ከስልክ ላይ ገልብጡ" ብዬ ከላይ ጻፍኩበት። እሳቸው ደግሞ ከስሩ በራሳቸው እጅ ጽሑፍ "3 = 09:00" ብለው ጨምረዋል።